ከሕክምና በታች ያለው መስመር

በዓመት ሁለት ጊዜ ዘመድ ያስታውሰናል። አንዱ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን ነው፤ ሌላው ፍሬሽማኖች ዓመታቸውን ጨርሰው ዲፓርትመንት በሚመርጡበት ሰሞን። በቀረው ጊዜ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ መሆናችን የቡና ላይ ፌዝ ከመሆን አያልፍም። በነዚህ ሁለት ሰሞኖች ግን እንከበራለን። «እነሱ እዚያው ናቸው፣ ያውቁታል» ይባልልናል። ስልኩ ይጮሃል። አጎት ነው፣ አክስት ናት፣ ወይም የእናታችን የጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው። ሁሉም የሚሉን አንድ ነው፦ «አንደኛ ሕክምና ብለናል። ከሱ በታች ያለውን እናንተው እንደሚሆን አርጋችሁ ሙሉት።»

እኛም ስለዚህ «እንደሚሆን አርጋችሁ» ስለተባለው መስመር ጥቂት ማለት አሰብን። ስለ አንደኛው መስመር ተናጋሪ አላነሰም። ሕክምና ብሎ ለመጻፍ ምክር አያስፈልግም፤ ልጁ ገና አፉን ሲፈታ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ተብሎ የመለሰው፣ ቤተሰቡም ተሰብስቦ ያጨበጨበለት እሱ ነው። ለሁለተኛው፣ ለአራተኛው፣ ለሰባተኛው መስመር ያጨበጨበ ግን የለም። ብዙው ተማሪ የሚማረውና ኋላም እንጀራውን የሚበላው ደግሞ እዚያ ነው።

ሒሳቡን እንየው። የመልቀቂያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ይጠጉ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። እንግዲህ ከመቶው ተፈታኝ ከዘጠናው በላይ ይህን ቅጽ በቀጥታ ሳያየው ይቀራል ማለት ነው፤ ከፊሉ በሬሚዲያል በኩል ዞሮ ይመጣል፣ ከፊሉ አይመጣም። ቅጹን የሞላ ልጅ፣ አራተኛ ምርጫው እንኳ ቢደርሰው፣ በመንደሩ ሰቃይ የተባለ ልጅ ነው። ሕክምና አልደረሰውም የተባለ ዕለት ግን ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ጎረቤት ገብቶ «አይዞት፣ ዋናው ጤና ነው» ብሎ ይወጣል። አነጋገሩ ያስቃል፤ ሐዘኑ ግን እውነተኛ ነው።

የምርጫው አሠራር ራሱ ቁማር አለበት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን ፕሮግራም ከተመለሰ ወዲህ ልጁ መጀመሪያ የሚመርጠው ሙያ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ነው። በቅደም ተከተል ይደረድራል፣ ይመደባል፣ ዓመቱን ይማራል፤ ሕክምና የሚያስገባው ወይም የሚያስቀረው ከዚያ በኋላ የሚታየው ውጤትና ነጥብ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ የመረጠ ዕለት፣ ይወቀውም አይወቀው፣ ከማን ጋር እንደሚሽቀዳደም መርጧል። ስመ ጥሩውን አንደኛ አድርጎ የጻፈው ልጅ እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው የየአገሩ ሰቃይ ነው። በትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረው እዚህ አርባኛ ይሆናል፤ የሕክምና ወንበሩ ያው የተቆጠረ ነው። ራቅና አነስ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የሄደው የክፍል ጓደኛው በዚያው ነጥብ ነጭ ጋውን ሊለብስ ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና አበጅቷል፤ እሱን የፈለገ ሌላ ፈተና፣ ሌላ ወረፋ አለበት።

ይህን የሰሙ አጎቶች ታዲያ ወዲያው «እንግዲያው ትንሹንና ቅርቡን እንጻፋ!» ይላሉ። ኧረ ቆዩ እንላለን። ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የሕክምና ትምህርት ቤት የለውም። ለቤት ቀረበ ተብሎ አንደኛ የተጻፈው ግቢ ሕክምና ከሌለው፣ ልጁ ገና አውቶቡስ ሳይሳፈር ሕክምናን ትቷል፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቸክላል። የሕክምና ትምህርት ቤት ያለውም ቢሆን፣ ትምህርት ቤቱ ማለት ሆስፒታሉ ነው። ተማሪው ከሦስተኛና ከአራተኛ ዓመት በኋላ የሚማረው ከአልጋ አጠገብ ቆሞ ነው፤ በየዘርፉ የሚያስተምር ስፔሻሊስት አለ ወይ፣ ሆስፒታሉ ተከፍቶ ስንት ዓመቱ ነው፣ ሲኒየሮቹ ምን ይላሉ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ስለ ግቢው በር ቁመትና ስለ ካፌው ወጥ የሚጠይቅ እንጂ ይህን የሚጠይቅ ዘመድ እስካሁን አልደወለልንም።

አንዳንዱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ ያንን ስንሰማ መቀለዳችንን እናቆማለን። «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላሉ። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን ተማሪዎች የረሳ እናት የለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ በነበረው ጦርነት መቀሌ የነበሩ ተማሪዎች ትምህርታቸው መሐል ላይ ተቋርጦ እንደተበተኑም አይተናል። አንዲት የእኛ ዶርም ልጅ እናት፣ ለታናሽ ልጃቸው ቅጽ ሲያስሞሉ፣ «ሕክምናው ይቅርበት፣ በክረምት ቤቱ መግባት የሚችልበትን ጻፉልኝ» አሉን። እሳቸው ዘንድ መጠባበቂያ የሚባለው ይህ ነው። ጻፍንላቸው። ልጁ በነጥቡ የትም ይገባ ነበር።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያደጉት የአክስትና የአጎት ልጆቻችን ሕክምና የሚገቡት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ጨርሰው፣ ኤምካት የሚሉትን ፈተና ተፈትነው ነው። እዚያ ለኮሌጅ ማመልከቻ ሲያስገቡ «ሴፍቲ ስኩል» የሚሉት ነገር አለ፤ ሁሉ ቢቀር ይህ አይቀርም የሚሉት ትምህርት ቤት። ሕክምና ላይ ሲደርሱ ግን ቃሉ ባዶ ይሆናል። በዓመት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፤ የሚገባው ወደ 23 ሺህ ግድም ነው። አንድ ሰው ዐሥራ አምስት፣ ሃያ ቦታ ማመልከቱ እዚያ ወግ ነው፤ ለእያንዳንዱም ይከፈላል። ውጤታችን ከፍ ያለ ነውና ዝቅ ያለውን መጠባበቂያ እናድርግ ያሉት ከዚያው ከዝቅተኛው ደብዳቤ ሳያገኙ ይቀራሉ። ብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የየክፍለ ግዛታቸውን ልጅ ያስቀድማሉ፤ ሌሎቹም አመልካቹ በሙሉ ልቡ እንዳልመጣ ሲጠረጥሩ፣ ነጥቡ ምንም ቢያምር ዘወር ይሉበታል። «ኦስቲዮፓቲክ» የተባሉትን ትምህርት ቤቶች እንደ ትርፍ ነገር ሲያወራቸው የነበረ አንድ ዘመዳችን አሁን እዚያው ገብቶ ይማራል፤ ሲጨርስ የሚያገኘው ፈቃድ እንደ ማንኛውም ሐኪም ሙሉ ነው። በስልክ ስንጠይቀው የነገረን አንድ ነገር አልተረሳንም፤ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ መጀመሪያ የተጠየቀው «ለምን እኛን?» የሚለው ነበር። የእኛ ቅጽ ይህን አይጠይቅም። ቢጠይቅ ግማሹ መስመር ባዶውን በቀረ።

ወደ ዶርማችን እንመለስ። በፍሬሽማን ዓመት የስማችን የፊደል ተራ ስድስታችንን ባንድ ክፍል ሰብስቦን ነበር፤ ሦስታችን ሶሻል፣ ሦስቱ ናቹራል። ከናቹራሎቹ አንዱን ከግቢው በር ጀምሮ «ዶክተሬ» እንለው ነበር፤ እናቱ በስልክ እንዲሁ ስለሚጠሩት። የዲፓርትመንት ቅጹ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ዶክተሬ አንደኛውን ጽፎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። «ቀጥል እንጂ» አልነው። «ሁለተኛውን ከጻፍኩ አንደኛው ይሸሸኛል» አለ። «ሟርት ነው።» ሳይንስ የሚማረው እሱ፣ ተረት የምንማረው እኛ!

መጽሐፍ ላይ የሰፈረውን የዲፓርትመንት መግለጫ ብናነብለት አልሰማም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጣን። ያን ሌሊት የጤና ተማሪዎች ያሉበትን ሕንጻ በር በበር እያንኳኳን ለሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፤ «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልህ?» ትምህርቱ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «አሪፍ ነው» ወይም «ተወው ባክህ» ይሉሃል፣ በቃ። ትናንት ምን ስትሠራ ዋልህ የተባለ ሰው ግን መናገር አለበት። የላቦራቶሪው ልጅ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቶ የወባ ስላይድ ሲፈልግ እንደዋለ፣ ማታ ዓይኑን ሲጨፍን ክብ ክቡ እንደሚታየው ነገረን። የፋርማሲው ተማሪ የአንድ መድኃኒት ሞለኪውል ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነበር፤ እያሳየን እኛን ረሳን። አዋላጅ ነርስነት የሚማረው «ቆሜ ነው የዋልኩት» ብቻ ብሎ ተኛ። የአኔስቴዢያው ተማሪ ትንሽ አሰበና «ሰው ሲተነፍስ ስጠብቅ ዋልኩ» አለ። ዶክተሬ በሩ ላይ እንደቆመ «እንዴት ነው የሚጠበቀው?» ብሎ ጠየቀ። እኛ ሄደን ተኛን፤ እሱ እዚያው ነጋበት።

ሕክምና በጥቂት ነጥብ አለፈው። አኔስቴዢያ ደረሰው። እናቱ ለአንድ ዓመት ያህል ለጎረቤት «ሕክምና ነው» ሲሉ ኖሩ፤ እሱም ዕረፍት ሲሄድ ላለማሳፈር ዝም ይል ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው በገዛ ቤቱ ስሙን ተቀይሮ ሲኖር ቀላል አይደለም። አምና አንድ ማታ ደወለልን። ከአስተማሪው ጋር በቀዶ ጥገና የምትወልድ ሴት ክፍል ውስጥ ገብቶ ነበር። ወገቧ ላይ በሚሰጠው መርፌ ከወገቧ በታች ደንዝዛለች፣ ራሷን ግን ታውቃለች። «ሐኪሞቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፤ አታያቸውም» አለን። «የምታየው እኔን ነው። ልጁ እስኪያለቅስ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ አላነሳችም። ፊቴን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ።» በማግሥቱ ለእናቱ ደውሎ የሚማረውን በስሙ ጠርቶ ነገራቸው። «ታዲያ እስቲ እንዲህ በለኝ!» አሉት አሉ። እስከዛሬ አኔስቴዢያ የሚለውን ቃል አጥርተው አይጠሩትም፤ «ትንፋሽ ጠባቂ» ይሉታል።

ይህን የምንለው ለማጽናኛ አይደለም። በአገራችን ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ማደንዘዣ ከሚሰጡት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ሐኪሞች አይደሉም፤ በዚሁ «መጠባበቂያ» በተባለ ትምህርት ያለፉ ናቸው። ጤና መኮንንን ውሰዱ። ዛሬ ሕክምና ያልደረሰው የሚጽፈው ነው ይባላል። ታሪኩ ግን ግልብጥ ነው። በደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 የገባው የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ባንድ ላይ ሰልጥነው ባንድ ላይ ወደ ገጠር እንዲወጡ። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አገሪቱ መጀመሪያ የጻፈችው ጤና መኮንንን ነበር፤ ሐኪም በሁለተኛው መስመር መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ተጨማሪ ሥልጠና እየወሰዱ፣ ስፔሻሊስት በማይደርስበት ወረዳ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና እንዲሠሩ ተደርጓል።

በነገራችን ላይ በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ምንም ቅጽ አልሞሉም። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ገና ሕፃን ሳሉ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ይዘዋቸው ሄዱ፤ ሕክምናውንም ላሆር ላይ ተማሩ። እንዲህ ያለ ምደባ ለማንም አንመኝም።

አንደኛው መስመርስ ቢሆን ምን ያህል አስተማማኝ ነው? በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሐኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር። ያን ጊዜ የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ካፌ ውስጥ ጋዜጣ እንደሚያነብ ሰው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ስድስትና ሰባት ዓመት ተምሮ፣ ሌሊት አድሮ፣ የቤት ኪራይ የማይችል ሰው ማየት ከፊታቸው ያለውን መንገድ ማየት ነው። ቢሆንም ከመካከላቸው አንድም ትምህርቱን የተወ አላየንም። በአንጻሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውም ሁሉ እንደ ዶክተሬ አልረጋም። ሳያይ የጻፈው ነርሲንግ ደርሶት፣ እስካሁን ክፍል የሚገባው ለአቴንዳንስ ብቻ የሆነ ጎረቤት አለን። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ተመርቆ እንደገና ሕክምና ለመጀመር ያስባል። መንገዱ ተሰምቶ የማይታወቅ አይደለም፤ በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብለው ሐኪም የሚያደርጉ 13 ትምህርት ቤቶች ባንድ ጊዜ ተከፍተው ነበር። ግን እስከዚያ ድረስ አራት ዓመት አለ፤ አራት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ አይታደርም። በሽተኛ እንዲህ ባለ ሰው እጅ ሲወድቅም እናስባለን።

እኛስ? እኛ የማን መጠባበቂያ እንደሆንን ማንም ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. ግድም በመጣው የ70/30 አሠራር ሰባው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ሠላሳውን ከሕግ፣ ከኢኮኖሚክስና ከአካውንቲንግ ጋር ተካፈልነው፤ ሲካፈልም ትልቁን እንጎቻ አላገኘንም። ዛሬም በክፍላችን ካለነው ግማሹ ይህን ዲፓርትመንት የጻፈው ቅጹ ባዶ መስመር አልቀበልም ስላለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አስተማሪው «አንደኛ የመረጣችሁን እጃችሁን አውጡ» ብለው ሦስት እጅ ቆጠሩ። እጃቸውን ያወጡት እንደ ወንጀለኛ ዙሪያቸውን አዩ። ኋላ ላይ የተገነዘብነው፣ ከሦስቱ ይልቅ ዐሥራ ሁለተኛ ተራ ላይ ጽፎን የመጣ አንድ የአካውንቲንግ ምኞተኛ የግዕዝ ሰዋስውን እንደ ሒሳብ መዝገብ ሚዛን እያስገባ ሁላችንን እንደሚያስጠናን ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ፍሬሽማን ዶርም ድረስ መጣችና ሳትሽኮረመም «ሕግ አንደኛ ነው። እናንተን ሰባተኛ ልጻፋችሁ አስቤ ነበር፤ ለሰባተኛ ትሆናላችሁ?» አለችን። ስቀን ስንጨርስ፣ ትናንት ምን ስንሠራ እንደዋልን ነገርናት፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ በአንድ ቅኔ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ወርቋ የቱ ጋ እንደሆነ ስንጨቃጨቅ ነበር፣ አልተስማማንም። «ሦስት ሰዓት?» አለች። ከሰዓት በኋላ ክፍል ይዘናት ገባን። ከኋላ ተቀመጠች፤ ሊያልቅ ሲል እጇን አውጥታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ አስተማሪው «ሰኞ እመልስልሻለሁ» አሏት። ሰኞ መጣች። ስንተኛ እንደጻፈችን አልነገረችንም፤ ቅጹ የሚዘጋው ዓርብ ነው።